ጫጩቶቹ ደጅ የወጡበት መጋቢት

ጎረቤላ፣ አንኮበር
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣ ለእማሆይ ወለተሐና፤

የገዳማችሁ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ለስግደቱ እሺ ይልሻል? እዚህ በልጉ ዘግይቶ ገባና ያለፈውን ሊያካክስ ይመስል ፋታ ነስቶናል። ጠዋት ከቆላው የሚወጣው ጉም ደጁን ይውጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። እኔ ደህና ነኝ። ቴዎፍሎስም ደህና ነው። ስለ ወንድሜ «ደህና ነው» ብዬ ሳልዋሽ የምጽፈው ገና ዛሬ ነው፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም ምክንያቱን ልነግርሽ ነው።

መምሬ ገብረአማኑኤል «እናትሽ አሁን መነኩሲት ናቸው፤ ስትጽፊላቸው አንቱ በያቸው» ብለውኝ ነበር። ሞከርኩት። ጥቂት መስመር እንደጻፍኩ ሌላ ሰው የወለደኝ መሰለኝና ቀደድኩት። እግዚአብሔርም አንቺም ይቅር በሉኝ፤ እንደ ልማዴ ልጻፍልሽ።

መምሬ ገዳሙን ተሳልመው በተመለሱ ቁጥር ከአንቺ የሚያመጡት ጥያቄ አንድ ነበር። «ልጄ ከስደት ከተመለሰ ወራት አለፉ፤ ለምን መጥቶ አያየኝም? እሱ ሳይመለስ ቤቱን ትቼ መመንኮሴ አስቀይሞት ይሆን?» እኔም «ዶሮ እያረባን ነው፣ ሥራ ይዞት ነው» እያልኩ ስመልስልሽ ቆየሁ። ዶሮው እውነት ነው። የቀረውን ብነግርሽ ግን ጸሎትሽን ትተሽ በእግርሽ ትመጪ ነበር፤ መጥተሽም የምታደርጊው ነገር አልነበረም። አሁን ስላለፈ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ልቀበለው ስሄድ አላወቅሁትም። በዚያ ውርጭ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ሰው የሰጠው ሰፊ ጃኬት ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ፍቅርቴ» ባይለኝ አልፌው ነበር። ከስቷል፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ቤት ስንደርስ ያንቺን ጓዳ ከፍቶ ገባ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ የበግ ጠጉር ባናሽን ተከናንቦ ተኛ።

እማዬ፣ ከዚያ ጓዳ አልወጣ አለ። ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊለው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በሩ ድንገት ሲከፈት ይደነግጣል። ወደ ሽንት ቤት እንኳ የሚወጣው ጉሙ ደጁን እስኪሸፍነው ጠብቆ ነው። አንድ ቀን ተቆጥቼ «ምን ሆነህ ነው ደጅ የማትወጣው?» ስለው፣ «ሰማዩ ይሰፋብኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም። ከጤና ጣቢያ መጥተው አዩት፤ አካሉ እያገገመ መሆኑን፣ ለቀረው ግን ጊዜና ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ጸበልም አስመጥቼለት ጠጣ፣ ተረጨ። እኔም ብቻውን ጥዬው መሄድ ስላልሆነልኝ የደብረ ብርሃኑን የፋብሪካ ሥራ ትቼ ቤት ቀረሁ።

የሥጋ ዶሮ ማርባት የጀመርኩት እንግዲህ እዚሁ ተቀምጬ የምንኖርበትን ስፈልግ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ሆቴል ለፋሲካ እንደሚፈልግ ሰማሁና ገባሁበት። ጾሙ ሊገባ ሲል ጫጩቶቹ ከቢሾፍቱ በካርቶን መጡ። አንቺ የምታውቂያቸው ዓይነት የሐበሻ ጫጩቶች አይደሉም። በማሽን የተፈለፈሉ ናቸው፤ ክንፏን የምታለብሳቸው እናት የላቸውም። ሥጋቸው ቶሎ ይሞላል፣ ላባቸው ግን ከሥጋቸው ኋላ ይቀራል፤ ደረታቸው ለብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ነው አንኮበር ላይ፣ በበልግ ብርድ ላሳድግ የተነሳሁት።

በመጀመሪያው ቀን እልፍኙ ውስጥ አኖርኳቸው። ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ ሲያገኛቸው እየተንጫጩ አንዱ ባንዱ ላይ ወጡ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ሊሞቱብኝ ሆነ። ሙቀት የሚይዝ ክፍል ቢኖር ያንቺ ጓዳ ብቻ ነው። ቴዎፍሎስ ዘንድ ገብቼ «ጫጩቶቹ ሊያልቁብኝ ነው፤ ከዚህ ሌላ ቦታ የለኝም» አልኩት። ፊቱን ሳያዞር «አስገቢያቸው» አለ።

ሰሌን በክብ አቁመን፣ ጭድ ጎዝጉዘን አስገባናቸው። መብራት ሲኖር አምፖል እናንጠለጥልላቸዋለን፤ ሲጠፋ ደግሞ ደጅ አቀጣጥዬ ጢሱ ያለፈለትን ከሰል በማንደጃ አስገባለሁ። መጀመሪያ ላይ ለእሱ ጭንቅ የሚሆንበት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ጫጩት ዝም አይልማ! እሱ ግን ቀስ በቀስ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያያቸው ጀመር። ሲበርዳቸው ድምፃቸው ይሰልና ይከመራሉ፤ ሲበዛባቸው ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሲስማማቸው እንደ ተሰጣ እህል በየቦታው ተዘርግተው ይተኛሉ። እኔ ይህንን ከሰው ተነግሮኝ ነው ያወቅሁት። እሱ ተቀምጦ በማየት ብቻ ደረሰበት። በደህናው ጆሮው እየሰማ «ፍቅርቴ፣ ከሰል ጨምሪ» ይለኛል፤ ስገባ በርግጥም በርዷቸው አገኛቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባኝ ነበር። ለመተኛት ሲጠጋጉ ዳር የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሳ መሀል ያስገባቸዋል። ሌሎች ዳር ይሆናሉ፤ እነዚያንም ያነሳል። «ተዋቸው እንጂ፣ ራሳቸው ይጠጋጋሉ፤ አንተም እረፍት አግኝ» ብለው አይሰማኝም። እንደ ሥራ ፈት ሰው ጨዋታ ቆጠርኩትና ተውኩት።

በጾሙ እኩሌታ ጫጩቶቹ ጫጩት መሆናቸው ቀረ። አደጉ፣ ከበዱ፣ ጓዳው ጠበባቸው። ጭዱን በየቀኑ ብለውጠውም በኩሳቸው ይረጥባል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አንዳንዶቹ እግራቸው ዝሎ ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። ሣራ የምትባል የእንስሳት ባለሙያ አለች፤ ሐዋሳ ተወልዳ ደብረ ብርሃን ለሥራ የመጣች ልጅ ናት። የአገራችንን ብርድ እስካሁን አልለመደችውም፤ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ነው የምትመጣው። ልታያቸው ገብታ ከሽታው የተነሳ እንባዋ ፈሰሰ። ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ መስኮቱን ወለል አደረገችው።

ቴዎፍሎስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርሃኑ ሲመታው ባናውን እስከ ዓይኑ ሳበና መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ሮጬ ልዘጋው መስኮቱ ዘንድ ደረስኩ።

«ተይ» አለኝ ከባናው ሥር። «ክፍት ይሁን። እነሱ አየር ይፈልጋሉ።»

ሣራ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። በኋላ ደጅ ወጥተን ስንቆም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷም በበኩሏ የዶሮዎቹን ነገር ቁርጡን ነገረችኝ። «ከዚህ በኋላ እዚህ ጓዳ ውስጥ ቢቆዩ ሳንባቸው ይጎዳል፤ ከሰሉም ለወንድምሽ ደህና አይደለም። ደጅ መውጣት አለባቸው፤ ግን ዛሬ ከሙቀት አውጥተሽ ነገ ብርድ ላይ ብትጥያቸው ያልቃሉ። በየቀኑ መስኮቱን ትንሽ እየጨመርሽ ክፈቺ፣ ከሰሉን እየቀነስሽ ሂጂ፣ ደረታቸው ላባ እስኪያወጣ ጠብቂ።» ብርዱ ብቻውን አይገድላቸውም አለችኝ፤ ርጥበትና ነፋስ ሲጨመሩበት ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። በመጀመሪያው ቀን መስኮቱን እጄን በሚያስገባ ያህል ከፈትኩ። በማግስቱ ጨመርኩ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ሸሽተው ተከማቹ፤ በኋላ ለመዱና ወደ ብርሃኑ መጠጋት ጀመሩ። ቴዎፍሎስም ባናውን እስከ ዓይኑ ሳበ፣ በኋላ እስከ አገጩ፣ በኋላ እስከ ትከሻው። ለእሱ ብዬ አንድ ቀን ሳልከፍተው ባረፍድ ተነስቶ ራሱ ከፈተው። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ጭዱን ስጠርግ ቆየሁ።

ደጅ የሚያድሩበትን በረት ጎረቤታችን አቶ ወልደኪዳን ናቸው የሠሩልኝ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ስለሚመጣ ከድንጋይ ካቡ ሥር አስጠግተን፣ ከባሕር ዛፍ አጣና አቆምነው። ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሰን በጓሳ ሣር ደረብንበት። ከሥሩ ኮረት ደልድለን የገብስ ጭድ አለበስነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ሣር ለቀን መዋያቸው በሽቦ አጠርነው፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ እንደሆኑ እንደ ድሮው ናቸው። አቶ ወልደኪዳን ሲመቱና ሲቆርጡ ቴዎፍሎስ በመስኮቱ ያያል። «አጣናው አጥሯል፤ ነፋስ ይገባል በያቸው» እያለ እኔን ይልከኛል። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ያስተካክላሉ።

በገብርኤል ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ጠሉ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ሆዳቸውን አስሞላንና በቅርጫት ማውጣት ጀመርን። ቴዎፍሎስ ከጓዳው እየሞላ እስከ በሩ ደፍ ያመጣልኛል፤ እኔ ተቀብዬ ወደ በረቱ እወስዳለሁ። ደፉን አላለፈም። እኔም ና አላልኩትም። ዶሮዎቹ ሣሩን ሲረግጡ እግራቸውን እያነሱ ቆሙ፤ የት እንደመጡ አልገባቸውም። አንዷ ትል አገኘችና ይዛ ሮጠች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ወዲያው ሜዳው በነጫጭ ሩጫ ተሞላ። ዞር ብዬ በሩን ሳየው ወንድሜ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ሲያሳይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የገብርኄር ሰንበት ባለፈ በማግስቱ መኖ አልቆብኝ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስነሳ ፀሐይ ነበረች። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ስመለስ ጉሙ መንገዱን ዘጋው፤ ቀጥሎ በረዶው መጣ። የመኪናው ጣሪያ እንደ ከበሮ ተመታ፤ ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እኔ መኖውን ታቅፌ ዶሮዎቹን አሰብኩ። እነሱ ላባቸው ገና ነው፣ አቶ ወልደኪዳን ማሳቸው ላይ ይሆናሉ፣ ወንድሜ በመስኮቱ እያየ ሲያልቁ አይቶ ምን ይሆናል? ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ አይመለስልኝም ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው ያጽናኑኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጦ ነበር። ደጁ ሁሉ በበረዶ ነጥቷል። የበረቱን ቆርቆሮ ነፋሱ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ጥሎታል፤ ጭዱ ውኃ ሆኗል። አንድም ዶሮ አይታይም። ስሙን እየጠራሁ ወደ ጓዳ ሮጥኩ፤ አልጋው ባዶ ነው። በጓሮ በኩል ዞሬ ስወጣ አየሁት።

ካቡ ጥግ ሥር ጀርባውን ለካፊያው ሰጥቶ ተንበርክኳል። ባናውን ከካቡ ጫፍ ላይ በድንጋይ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ በጭንቅላቱና በክንዶቹ ወጥሮ እንደ ድንኳን ዘርግቶታል። ከሥሩ ይንጫጫሉ። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አቶ ወልደኪዳንም ከጎኑ ሆነው የባናውን ሌላ ጠርዝ ይዘዋል።

«ቴዎ፣ ደጅ እኮ ነህ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ እንዳይደነግጡ።»

አቶ ወልደኪዳን በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከማሳቸው እየሮጡ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አይተውታል። በሩ ደፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና መጣና የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ዓይኑን የገለጠው በረቱ ደርሶ ነው፤ ከዚያ ጎርፍ ውስጥ በእቅፉ ያፍሳቸው ጀመር።

እልፍኙ ውስጥ እሳት አንድደን፣ በጨርቅ እያሸን አደረቅናቸው። አብዛኞቹ ተረፉ። ያልተረፉትን ቴዎፍሎስ በግድግዳው ሥር አስተኝቷቸው ሲያያቸው ቆየ። አቶ ወልደኪዳን ልብስ ሊለውጡ ቤታቸው ሄደዋል፤ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«እነዚህ ዳር የነበሩት ናቸው» አለኝ። «እኛም እንዲሁ ነበርን።»

እማዬ፣ ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው። ከየመን ወደ ሳዑዲ በሚያሻግረው ተራራ ላይ ብርዱ እንደኛ አገር ነው ይላል፤ እነሱ ግን ከባሕሩ ሙቀት የወጡት በስስ ሸሚዝ ነበር። ሲተኙ ተጠጋግተው ነው፤ ዳሩን በተራ ይይዛሉ። ሠረቀብርሃን የሚባል የደነባ ልጅ ነበር፤ ከተነሱ ጀምሮ አብረው የበሉ፣ አብረው የተጠሙ። የወንድሜ ተራ የደረሰ ዕለት ትኩሳት ይዞት ነበር። ሠረቀብርሃን «አንተ መሀል ግባ፤ ነገ ትክሰኛለህ» ብሎት በእሱ ቦታ ዳር ተኛ። ሲነጋ አልተነሳም።

ጥቂት ሆነው ቆፈሩለት። ቴዎፍሎስ ከቄሱ አባታችን ሥር ሆኖ የተማረውን ያህል፣ የሚያስታውሰውን ፍትሐት ደገመለት። ከዚያ ተነስተው ሄዱ፤ ከሞት የተረፈ ሰው ይሄዳል እንጂ ምን ያደርጋል። በኋላም ተያዘ፣ ታሠረ፣ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አንዲት ዶሮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያደርቃት ነበር፤ ድምፁ አልተለወጠም።

እኔም አንቺ ደጋግመሽ የጠየቅሽውን ጠየቅሁት። «ታዲያ ወደ እማዬ ለምን አልሄድክም? ስትጠብቅህ ነው የከረመችው።»

«የሱ እናት ደነባ ናት» አለኝ። «መሞቱን አታውቅም። እሷ በር በሩን እያየች እኔ በምን ዓይኔ ሄጄ እናቴን ልቀፍ?»

የቀረበት ምክንያት ይኸው ነው፣ እማዬ። ቅያሜ አልነበረም። በመመንኮስሽም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ያንቺን እቅፍ ፈልጎ ነው ያፈረው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ሣራ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ዶሮዎቹን ወደ ጓዳ የምንመልሳቸው መስሏት ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ቴዎፍሎስ ግን «ደጁን ለምደውታል፤ ጣሪያውን እናጥብቀው» አለ። መዶሻ ይዞ፣ አቶ ወልደኪዳን መሰላሉን ይዘውለት፣ በረቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሰማዩ ከላዩ ተከፍቶ እሱ ሚስማር ይመታል። ሣራ ወደ ሰማይ አየች፣ ወደሱ አየችና ሹራቧን አውልቃ ሚስማር ማቀበል ጀመረች።

በዚያው ሳምንት ደነባ ሄድን። ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር፤ አልተውኩትም። ዶሮዎቹን አቶ ወልደኪዳን ጠበቁልን። «መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ የአጥቢያውን ቄስ እንለምን» ስለው፣ «እኔ ራሴ ነኝ መናገር ያለብኝ» አለ። የሠረቀብርሃን እናት ወይዘሮ ማኅደረማርያም ይባላሉ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ሲለቅሙ ደረስን። ቴዎፍሎስ ኮፍያውን አወለቀና «እናቴ፣ እኔ ከሠረቀብርሃን ጋር የሄድኩ ነኝ» አላቸው።

ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ «ነፍሱ ስትወጣ ማን ነበረው?» ብለው ጠየቁት። እሱም አጠገቡ እንደነበር ነገራቸው። አፈር እንዳለበሱት፣ ድንጋይ እንደካቡበት፣ ፍትሐት እንደደገመለት ነገራቸው። የዳሩንም ነገር አልደበቃቸውም፤ ያ ቦታ የእኔ ነበር አላቸው። እኔ ይረግሙታል ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «እንዲያ ነበር ልጄ። ከእጁ ያለውን ሳይሰጥ አያድርም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ የጸለይኩት ለመንገዱ ይሁን ለነፍሱ ሳላውቅ ነው። አሁን አወቅሁ» አሉት።

ያኔ ነው ያለቀሱት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ለቅሶው ተቀመጠ። ወንድሜ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ግቢው መሀል፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጦ ዋለ፤ የመጣው ሁሉ ሲጠይቀው ለእያንዳንዱ ስለ ሠረቀብርሃን ይነግራል። ለመሰናበት ስንነሳ ወይዘሮ ማኅደረማርያም እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑና «በል፣ አሁን ወደ እናትህ ሂድ» አሉት።

በመመለሻችን ከመኪናው ገና ሳንወርድ እንቅልፍ ወሰደው። ቤትም ገብቶ እስኪረፍድ ተኛ። እኔ ቀድሜ ተነስቼ ዶሮዎቹን ለቀቅኋቸው። አሁን ደረታቸው ሁሉ ላባ ለብሷል፤ ከብርዱ የተነሳ መኖ ይበላሉ ብቻ አይባልም! ለፋሲካው ይደርሳሉ ብላኛለች ሣራ። ጓዳሽንም አጥቤ፣ መስኮቱን ከፍቼ አናፍሼዋለሁ፤ ከእሱ የወጣውን ጭድና ኩስ ነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ በትኜዋለሁ። ስለ እኔ አታስቢ። ሰሞኑን ቤቱ ይሰፋብኝ ይሆናል እንጂ ደህና ነኝ። በጸሎትሽ ግን ከስሜ በፊት የሠረቀብርሃንን ስም አስቀድሚልን።

እንግዲህ የቀረኝ አደራ ነው። ስትናገሪው በቀኙ በኩል ሁኚ። መክሳቱን አይተሽ አትደንግጪ፤ ይህ እንኳ ካገገመ በኋላ ነው። በወሬ መሀል ዝም ካለ ተይው፣ ተመልሶ ይመጣል። ስለ ተራራው ጠይቀሽ አታስወጪው፤ ሲፈልግ ራሱ ይነግርሻል። ስለ ዶሮዎቹ ጠይቂው፤ እሱን ብዙ ያወራል። ትንሣኤን እዚያው ካንቺ ጋር ቢውል እኔ አልቀየምም።

ይህን ደብዳቤ ለበር ጠባቂዋ እኅት የሰጣት እሱ ነው። ሁሉንም ሳታነቢ እንዳያይሽ ብዬ «ካልጠራችህ አትግባ» ብዬዋለሁ፤ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነውና እዚያው ተቀምጦ ይሆናል። እማዬ፣ ወረቀቱን አስቀምጪና ደጅ ውጪ።

ምርቃትሽ አይለየን።

ልጅሽ ፍቅርተማርያም